የጳጉሜ ስድስት ፍሬን

ጥሩሸዋ የሞላሌውን የእህል መጋዘን ጆንያ ማንሻ ፎርክሊፍት ሦስት ዓመት ነድታለች፤ የመጋዘኑን ኃላፊ ልዑልሰገድን ግን አንድ ቀን እንኳ ወደፈለገችው መንዳት አልቻለችም።

"ፍሬኑ ዘይት ያንጠባጥባል" ብላ ጳጉሜ ሦስት ነገረችው።

"ከበዓል በኋላ" አለ።

ከበዓል በኋላም ነገረችው። "ከበዓል በኋላ ብያለሁ!" አለ፤ የትኛው በዓል እንደሆነ ግን አልተናገረም።

መስከረም አምስት ጠዋት ማሽኑ ስምንት ጆንያ ገብስ እንደተሸከመ የግቢውን ቁልቁለት ይዞ ወረደ። ጥሩሸዋ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጠችው፤ አልሰማትም። ከፊት ሆነው መንገድ የሚያሳዩት ሽማግሌው ጫኝ ጋሽ ወዳጆ ወደ ጎን ዘለሉ። አንድ ጫማቸው ከጎማው ሥር ቀረ። ማሽኑ የቆመው ከአሸዋ ክምር ጋር ተላትሞ ነው።

"እግሬ ውስጡ እንዳለ እስቲ እዪልኝ" አሉ ጋሽ ወዳጆ ከመሬት ሳይነሡ።

ጥሩሸዋ ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተች። ፍሬኑ ካልተሠራ አልነዳም አለች። ልዑልሰገድም እስከ ሐሙስ ካልነዳች ከዘመሮ ከተማ ሌላ ሾፌር እንደሚያስመጣና እሷን እንደሚያሰናብት ነገራት። ያ ሾፌር ቢመጣ፣ ያው ፍሬን፣ ያው ቁልቁለት፣ ያው የጋሽ ወዳጆ እግር ነው።

በማግስቱ የደኅንነት ተቆጣጣሪ ከደብረ ብርሃን እንደሚመጣ ተሰማ። ታዲያ ልዑልሰገድ መካኒክ ፈለገ? የለም፣ እስክሪብቶ ፈለገ! ያለፈው ዓመት የዕለት ፍተሻ መዝገብ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜ ባዶ ነበር። እንዲህ ያለ ኃላፊ ማሽኑን በእጁ አይነካም፤ "ደህና ነው" ብሎ በጻፈ ቁጥር ደህና የሚሆን ይመስለዋል። ሰው ሲጨፈለቅም ወረቀቱ ደህና ነው።

"አንቺ አስምሪ፣ ቀኑንም ጻፊ። መሙላቱ የእኔ ሥራ ነው" አላት።

"እኔ እኮ የምልዎት፣ ፍሬኑ..."

"አስምሪ አልኩሽ!"

አሰመረች። ለሐምሌ ሠላሳ፣ ለነሐሴ ሠላሳ፣ ለጳጉሜ ስድስት። የመጨረሻዋን መስመር ስትስብ ማስመሪያው ተንቀጠቀጠባት፤ ሳቋን ይዛ ነው። ልዑልሰገድ ቀና ሳይል፣ ከላይ እስከ ታች ዘይት ደህና፣ ጎማ ደህና፣ ፍሬን ደህና እያለ ሞላው።

ረቡዕ ተቆጣጣሪው አቶ ኃይለ ኢየሱስ መጡ። መዝገቡን ቀስ ብለው ገለጡ።

"ንጹሕ መዝገብ ነው።"

"በየቀኑ እፈትሻለሁ፤ በዓል አልል፣ እሑድ አልል" አለ ልዑልሰገድ።

"ጳጉሜ ስድስትም?"

"ጳጉሜ ስድስትማ በተለይ! ፍሬኑን በገዛ እጄ ነው የፈተሽኩት።"

አቶ ኃይለ ኢየሱስ መነጽራቸውን አወለቁ። "ጌታዬ፣ ያለፈው ዓመት ዘመነ ማቴዎስ ነበር። ጳጉሜ አምስት ተኝተን የነቃነው መስከረም አንድ ነው። ስድስተኛዋ በሉቃስ ነው የምትመጣው፤ ለእሱ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። እርስዎ በየት አገር ውለው ነው የፈተሹት?"

"ያን ቀንማ ጫማዬም ደህና ነበር" አሉ ጋሽ ወዳጆ ከበሩ።

ልዑልሰገድ ወደ ጥሩሸዋ ዞረ። "አንቺ ነሽ ያሰመርሽው!"

"አሰመርኩ። ‘መሙላቱ የእኔ ሥራ ነው’ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

ተቆጣጣሪው ወጥተው ፍሬኑን ረገጡት፤ እግራቸው ያለ ምንም ተቃውሞ ወለል ደረሰ። ማሽኑ እስኪጠገን እንዳይነዳ፣ ቁልፉም ከጥሩሸዋ እጅ እንዳይወጣ ጻፉና ማኅተም መቱበት። የዘመሮው ሾፌር ቀረ።

ዓርብ መካኒክ መጥቶ ፍሬኑን ሠርቶ ጨረሰ። ጥሩሸዋ ከመፈረሟ በፊት ማሽኑን ባዶውን በቁልቁለቱ ልትሞክረው ወጣች።

"ጋሽ ወዳጆ ዛሬ ይረፉ" አለች። "መንገድ አቶ ልዑልሰገድ ያሳዩኛል። በገዛ እጃቸው የፈተሹት ፍሬን አይደል?"

ጫኞቹ ሁሉ እያዩት እምቢ ማለት አፈረ። ከታች ቆሞ እጁን ዘረጋ። ማሽኑ ገና ሁለት ክንድ እንደተንቀሳቀሰ ግን ልዑልሰገድ ሮጠ፤ ከአሸዋው ክምር ጀርባ ገብቶ ተቀመጠ።

ጥሩሸዋ ረገጠች። ማሽኑ እሱ ከነበረበት አሥር እርምጃ ርቆ ቀጥ አለ። መዝገቡን ጉልበቷ ላይ አድርጋ "ፍሬን ይይዛል" ብላ ጻፈችና ፈረመች።

መንገዱ መሀል አንድ አዲስ የቆዳ ጫማ ተጋድሟል። ጋሽ ወዳጆ አነሡት፤ ሶሉን ገልብጠው ቁጥሩን አዩ።

"ልኬ ነው" አሉ። "ሁለተኛውን ወርውርልኝ፣ ልዑልሰገድ!"