ከላይኛው ለታችኛዋ

ዛቪዬ የላከልኝ መልእክት አጭር ነበር። የጥቅሉ ስም፦ ጠብታ። የሚጠየቀው፦ ከማከማቻው ይውጣ። ምክንያት፦ ላይኛው ሞቷል። ከሥሩ ስሜን የሚጠብቅ ባዶ መስመር ነበር።

በእኛ ሥራ ፕሮግራሙን መጀመሪያ የጻፈው ሰው «ላይኛው» ይባላል። ነገሩ እንደ ወንዝ ነው፤ ከእሱ ይወርዳል። እኔ ታች ሆኜ የወረደውን እቀበላለሁ፣ እፈትሻለሁ፣ ጠቅልዬም ማንም ሰው በነፃ ወስዶ በሚጭነው የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ማከማቻ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ደመወዝ የለውም። ላይኛው ለረጅም ጊዜ ካልመለሰ «ሞቷል» ይባላል፤ እውነት ይሙት አይሙት የሚያጣራ የለም። ቃሉን በሌሎች ጥቅሎች ላይ ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። በጠብታ ላይኛው በሮላንድ ቴሪዮ ላይ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ጠብታ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሌሊቱን ቅዝቃዜና የቀኑን ሙቀት ይወስድና ሲፈላ ጣፋጭ ሽሮፕ የሚሆነው የሜፕል ዛፍ ጭማቂ በስንት ሰዓት መንጠባጠብ እንደሚጀምር ይናገራል። ሮላንድ የጻፈው ሰሜን ቨርሞንት፣ ድንበሩ አጠገብ ላሉት ለራሱ ዛፎች ነው። እኔ አንድም የሜፕል ዛፍ የለኝም። በርሊንግተን ውስጥ የውሃ ናሙና የምመረምር ሰው ነኝ። ጠብታን ያነሳሁት ጠባቂ ካጡት፣ «ወላጅ አልባ» ከምንላቸው ጥቅሎች መሃል ነው። አጭርና ንጹሕ ስለነበር ሥራውን ልማርበት ብዬ ነው።

ስህተት ባገኘሁ ቁጥር እጽፍለታለሁ፣ እሱም ይመልሳል። መልሱ ሁልጊዜ ስለ ስህተቱ ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ሁለት መስመር ይጨምራል። «በረዶው መስኮቱ ድረስ ደርሷል። ውሻው አልወጣም ብሎ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ከላይኛው ለታችኛዋ።» እነዚያን መስመሮች ከስህተቱ በፊት ማንበብ የጀመርኩት መቼ እንደሆነ አላውቅም። ተገናኝተን አናውቅም። ከአራት ዓመት ወዲህ ደግሞ አንድም ቃል አልመጣም።

ዛቪዬ ሞንትሪያል ሆኖ ያረጁ ጥቅሎችን በሚያስወጣው ቡድን ውስጥ ይሠራል። ደወልኩለት።

«ሎርና፣ አንቺ ደግሞ» አለ። «ጠብታ ስክሪኑ ላይ መስኮቱን የሚስልበት የድሮ መሣሪያ በመጪው የስርዓቱ እትም የለም። ወይ ሰውየው እንደ አዲስ ይጻፈው፣ ወይ ይውጣ። ሰውየው ደግሞ የለም።»

«የለም አልተባለም። አልመለሰም ነው የተባለው።»

«አራት ዓመት ያልመለሰ ሰው እኛ ጋ ምን ይባላል?»

«እኔም ለእህቴ ሳልደውል ስንት ጊዜ ቆይቻለሁ። አልሞትኩም።»

«አንቺን ከማከማቻ የሚያስወጣሽ የለማ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ራስሽ ጻፊው እንዳልልሽ፣ ለማን ብለሽ? የሚጠቀምበት ሰው ታውቂያለሽ? እሺ፣ እስከ ሰኞ ልጠብቅሽ።»

የሮላንድ አድራሻ ከፕሮግራሙ ጋር በሚሄደው የባለቤትነት ገጽ ላይ አለ። ቅዳሜ መኪናዬን አስነሳሁ። መጋቢት ነበር፤ በረዶው እየቀለጠ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። ስደርስ ከቤቱ ጀርባ ካለችው የጭማቂ ማፍያ ጎጆ ጣሪያ ላይ ነጭ እንፋሎት ይወጣል። እንፋሎት ካለ እሳት አለ፤ እሳት ካለ የሚማግድ ሰው አለ። ሞተሩን አጥፍቼ ወደ ጎጆዋ ገባሁ።

አንድ ቀጭን ሽማግሌ በሰፊው ማፍያ ላይ ጎንበስ ብሎ አረፋ ይገፋል።

«ሽሮፑ ገና ነው» አለ ሳያየኝ። «ከሰዓት ተመለሱ።»

«ልገዛ አልመጣሁም። ሎርና ነኝ። የጠብታ...»

ቀና አለ። «ታችኛዋ!»

«አዎ።»

«አጭር ነሽ እንዴ? በጽሑፍሽ ረጅም ትመስዪኝ ነበር።»

ልለው የምፈልገው ብዙ ነበር። «አልመለሱልኝም» የሚለው ብቻ ወጣ።

«ምን ብዬ ልመልስ? ድሮ ‹እዚህ ጋ ይሰናከላል፣ ለምንድን ነው?› ብለሽ ትጠይቂኝ ነበር። ኋላ ጎበዝሽ። ስህተቱንም ማስተካከያውንም አብረሽ መላክ ጀመርሽ። አየዋለሁ፣ ልክ ነው። ልክ ለሆነ ነገር ምን ይባላል?»

«‹ደረሰኝ› ይባላል።»

«እሱ እንኳ አልታየኝም» አለና አረፋውን መግፋት ቀጠለ።

ውሻው አይታይም። ልጠይቀው አፌን ከፈትኩና ስለ መስኮቱ መሣሪያ ማስረዳት ጀመርኩ። እስክጨርስ ሰማኝ።

«እንደ አዲስ አልጽፈውም» አለ። «ዓይኔ ደክሟል። ጭማቂው ሊመጣ ሲል ጉልበቴ ይነግረኛል። አውጪው።»

«ራስዎ እየተጠቀሙበት ነው እኮ።»

ጥጉ ላይ በፕላስቲክ የተሸፈነ አሮጌ ኮምፒውተር አለ፤ ጠብታ ተከፍቷል። ቀረብ ብዬ የእትሙን ቁጥር አየሁ። የመጨረሻዋ አሃዝ እኔ የጨመርኳት ናት። የጫነው የራሱን ሳይሆን እኔ የጠቀለልኩትን ነው፤ ላይኛው ከታች ይቀዳ ነበር።

«ልማድ ነው» አለ።

«ምክንያቱ ላይ ‹ላይኛው ሞቷል› ሊባል ነው።»

«እሱን እንዳትጽፊ። መንደሩ ከሰማ በየድስቱ ምግብ ይዞ ይመጣል። የጎረቤቴን ማካሮኒ ደግሜ አልበላም።»

ከመሄዴ በፊት ትኩሱን ሽሮፕ በረዶ ላይ አፈሰሰና ሲረጋ በሹካ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። ከዚያ እጄን ጨብጦ ወደ እሳቱ ተመለሰ።

ሰኞ ምክንያቱን ሰርዤ «በላይኛው ፈቃድ» ብዬ ጻፍኩ።

«እንዲህ የሚል ምክንያት ዝርዝሩ ውስጥ የለም» አለ ዛቪዬ።

«ይኑራ።»

አሳለፈው፤ ጠብታም ወጣ። ከዚያ በኋላ ለሮላንድ የምጽፍበት ነገር አጣሁ። አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር። ርእሱ ቦታ ላይ የጥቅሉን ስም መጻፍ ለምጃለሁና በእሱ ፋንታ የሚገባውን ሳላገኝ ተውኩት።

አዲሱ እትም የተለቀቀው የዛፎቹ ቅጠል ረግፎ ካለቀ በኋላ ነው። በሳምንቱ አንድ የስህተት ማመልከቻ ደረሰኝ።

«ጥቅል፦ ጠብታ። ክብደት፦ ከባድ። ስርዓቱን ሳድስ ጠብታ ጠፋ። አውጪው ያልኩት እኔ መሆኔን አልረሳሁም። ጉልበቴ ይነግረኛል ብዬሽ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ጠዋት ማታ ስለሚያመኝ ምንም አይነግረኝም። ዛሬ የመጀመሪያው በረዶ ወርዷል። ውሻው ከሞተ ቆይቷል፤ ሳትጠይቂኝ ሄድሽ። ከላይኛው ለታችኛዋ።»

እንደ ልማዴ ከመጨረሻው መስመር ጀመርኩ።

ደንቡ ግልጽ ነው። ከማከማቻው በወጣ ጥቅል ላይ የሚመጣ ማመልከቻ ይዘጋል። ዛቪዬም አይቶት ኖሮ «ልዝጋው?» ሲል ጻፈልኝ።

«አትንካው» አልኩት። «ለማን ብለሽ ብለኸኝ አልነበር?»

የጠብታን ኮድ አወጣሁና መስኮቱን የሚስለውን ክፍል ማንበብ ጀመርኩ። ብዙ ሥራ ነው፤ እስከ መጋቢት ግን ይደርሳል። የት ጋ እንደሚሰበር፣ ለምን እንደሚሰበርም ማንንም ሳልጠይቅ አውቃለሁ። ቢሆንም አሁን ማስተካከያ አልላክሁም። እንደ ጀማሪ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦

«ሊከፍቱት ሲሞክሩ ምን ይላል? እባክዎ ቃል በቃል ይጻፉልኝ። የውሻው ስም ማን ነበር?»