ለሚሄድ ሐይቅ ስም

ከመንደራችን በላይ ያለው የበረዶ ግግር ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ከሥሩ አዲስ ሐይቅ ወጣ። ስም አልነበረውም። በእኛ አገር በአይስላንድ፣ እንዲህ ላለ ውሃ ስም የሚያወጣለት የመሬቱ ገበሬ ነው። ገበሬዋ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ በግ አርቢዋ ጎረቤቴ ስቴይንቮር ናት። ካርታ የሚሠሩት ሰዎች ቅጽ ልከውላት እስከ ዓርብ መልስ ይጠብቁ ነበር።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ በትርፍ ጊዜያችን ግን ባለቤቴ ኡልፋርና እኔ ሐይቅ እንለካ ነበር። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተዋቸውን ክብና ሰማያዊ፣ ቅልጥ ዐለት ወንዝ ዘግቶ የፈጠራቸውን ዓሣ የሞላባቸው፣ ፍል ውሃ ከሥራቸው ስለሚወጣ በብርድ ወራት እንኳ መሃላቸው በረዶ የማይሆነውን፣ በጠቅላላው አሥራ ዘጠኝ ሐይቆች አብረን ለክተናል። ሃያኛው ይህ ነው። ኡልፋር አላየውም፤ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ስቴይንቮር በጀልባዋ ይዛኝ ገባች። እሷ ትቀዝፋለች፤ እኔ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበትን ገመድ እየጣልኩ ጥልቀቱን እጽፋለሁ። ውሃው እንደ አሬራ ነጣ ያለ ነው። ገመዱን እንደ ሐር ክር አትያዢው፣ ያንቺ እጅ ጠመኔ ብቻ ነው የሚያውቀው እያለች ስትነዘንዘኝ ቆየች። ደረቅ ዓሣ በቅቤ ሰጠችኝና እስክጨርስ አየችኝ። አንድ ነገር ልትናገር ፈልጋ እያዘገየች መሆኑ ገባኝ።

በመጨረሻ ቅጹን ከሹራቧ ሥር አወጣች። በእርሳስ «የኡልፋር ሐይቅ» ተብሎ ተሞልቷል።

«አንቺን ሳልጠይቅ አልልከውም» አለች። «ካልወደድሽው ንገሪኝ። ከወደድሽውም ንገሪኝ፤ ፊትሽ እንደሆነ ዐለት ነው፣ ምንም አይነበብበትም።»

ውሃውን ከሸለቆው የከለከለውን የበረዶ ግድግዳ አየሁት። ሥሩ ተቦርብሯል። በዚያ ጠዋት ካገኘሁት ሁሉ ጥልቁ ሠላሳ አንድ ሜትር ነው። ውሃው ትንሽ ከጨመረ ግግሩን ከሥር ያነሣውና ጠቅልሎ ወደ ባሕር ይወርዳል።

«ስቴይንቮር፣ ይህ ሐይቅ አንድ ቀን ፈሶ ይሄዳል።»

«አውቃለሁ። በጎቼን ከታች የማላሰማራው ለምን ይመስልሻል?»

«መጀመሪያ የምታዪው አንቺ ነሽ። ትደውዪልኛለሽ። ምን ብለሽ ልትነግሪኝ ነው?»

መቅዘፏን አቆመች። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሲሞት፣ ደውላ «ኡልፋር ሄደ» ያለችኝ እሷ ናት። ያን ቀን እያስተማርኩ ነበር፤ ትምህርቱን ጨርሼ ነው ከክፍል የወጣሁት።

ላጲስ አልያዘችም። ስሙን ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ በጥፍሯ ፋቀችው።

«ታዲያ ምን ልበለው?»

«በግ ስትፈልጊ በዚህ ስታልፊ ምን ትይዋለሽ?»

«ድፍርሱ ነው የምለው። ምን እለዋለሁ ሌላ።»

«እሱን ጻፊው።»

ጻፈችና ቅጹን መልሳ ሹራቧ ውስጥ ከተተችው። ለረጅም ጊዜ ወደ እኔ ሳታይ ቀዘፈች። ገና የምንለካው አሥራ አንድ ቦታ ይቀረን ስለነበር ገመዱን እንደገና ጣልኩ።