ጎሹን ከየት አመጡት

እና ምድረ በዳው ነው የሚያስጽፈኝ ትላለች ኢንባል፣ ድምጿ በስልኩ ውስጥ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ጠዋት ጠዋት ከለሃቪም፣ ከምትኖርበት መንደር ወጥታ በእግሯ ትሄዳለች፣ ድንጋይ ታያለች፣ ድንጋዩ ገጸ ባሕርይ ይሆንላታል፣ ታድላ፣ ዘመኑ ከፋብሪካ ሲመለስ የሚያየው ድንጋይ ድንጋይ እንደሆነ ነው የሚቀረው። ስልኩን ከግራ ጆሮው ወደ ቀኝ ያዛውራል። ላብ። የአማርኛው ሬዲዮ ነው፣ ሺዱር ሃይ ብላዋለች አዘጋጇ አምሳለ አስቀድማ ደውላ፣ በቀጥታ ነው የሚተላለፈው፣ እንዳያስሉ፣ ቴሌቪዥን ካለም ያጥፉት። የሚጠፋ ቴሌቪዥን የለም፣ ሚስቱ ስትሄድ ወስዳዋለች። ሁለት ደራስያን ስለ አዳዲስ ልብ ወለዶቻቸው ይወያያሉ ተብሎ ነው የተነገረው፣ አንዷ በዕብራይስጥ የምትጽፍ ወጣት፣ አንዱ በአማርኛ የሚጽፍ እሱ፣ ውይይት ይበሉት እንጂ እስካሁን የምታወራው እሷ ነች፣ እሱ እህ ይላል።

ሃሽራአ ዝም ብሎ አይመጣም፣ አይደል ጋሼ ዘመኑ? መነሳሳት ማለቷ ነው። አይደል፣ ይላል። ምን ይበል። እሱ የሚጽፈው ወጥ ቤት ነው፣ ከፈረቃ መልስ፣ ማቀዝቀዣው እያጉረመረመ፣ ስንት ዓመት ሙሉ፣ መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ካርቶኑን ብቻውን ከፈተው፣ ብቻውን አሸተተው፣ አንዱን ለልጁ ለሺራ ሰጣት፣ አገላበጠችው፣ ፊደሉን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው፣ አባ፣ ዜ ያፌ፣ ያምራል፣ ስለ ምንድን ነው? ስለ ወንድሜ። ወንድም አለህ እንዴ? ብላ በዕብራይስጥ ጠየቀችው፣ ከልቧ ነበር የጠየቀችው፣ ያኔ ነው የደነገጠው፣ በዚህ ከተማ ጎሹን የሚያውቅ ከእናቱና ከእሱ በቀር ሰው የለም፣ ከእናቱ ጋር ደግሞ ስለ ጎሹ አይወራም።

እንዴት ተብሎ ይወራል። ጎሹ ከሱዳን ካምፕ ውሃ ፍለጋ ወጣ፣ አልተመለሰም፣ ይኸው ነው ታሪኩ፣ ሲሞት ያየ የለም፣ ሬሳ ያገኘ የለም፣ ዘመኑ ያኔ ልጅ ነው፣ ጀሪካን ይዞ ሲሄድ ጀርባውን አይቷል፣ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ከዚያ አውሮፕላን ወደ እስራኤል፣ ከዚያ ይህ ሰፈር፣ ሽኩና ዳሌት። እናቱ እማማ ይሻሽ እዚሁ ሕንጻ ምድር ቤት ትኖራለች፣ አዲስ ሰው ከኢትዮጵያ ገባ በተባለ ቁጥር ነጠላዋን አጣፍታ በአውቶቡስ ወደ መርካዝ ክሊታው ትሄዳለች፣ እንግዶቹ ወደሚያርፉበት፣ ጎሹ የሚባል የይሻሽ ልጅ አላያችሁም? አላየን እማማ። ይሁን፣ ይመጣል። ትመለሳለች። መርዶ ሊነግራት የደፈረ ሽማግሌ የለም፣ ምን ብሎ ይድፈር፣ መርዶ እኮ ሞቱን ያየ አንድ ሰው ይፈልጋል፣ ማልዶ የሚመጣ፣ ዘመድ የሚሰበስብ፣ እንዲህ ሆነ ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር። እንዲህ ያለ ሰው ታጣ፣ ስለዚህ አልተለቀሰም፣ ሃያ ዓመት አለፈ ጎሹ ሳይሞት ሳይኖር።

ስለዚህ ገደለው። እዚሁ ወጥ ቤት፣ በእስክሪብቶ። መጀመሪያ ፈለቀ ብሎት ነበር፣ ፈለቀ አልሞት አለ፣ ገጽ ሙሉ እያቃሰተ ተኛ፣ ጎሹ ሲለው ጊዜ በአራት መስመር ሞተ። ከዚያ ዘመኑ ማጠቢያው ላይ ተደግፎ አለቀሰ፣ እንዲያ ያለቀሰበት ቀን ትዝ አይለውም፣ ቀለል አለው፣ መጽሐፍ መጻፍ ማለት ይህ ከሆነ ይሁን አለ። የሚያጽናናው ግን አልነበረም፣ ለሌለ ለቅሶ ማን ይደርሳል።

አሁን ደግሞ እርስዎን እንስማ አቶ ዘመኑ፣ ይላል ስልኩ፣ አምሳለ ነች፣ እስቲ አንድ ቦታ ያንብቡልን። መነጽሩ የት ገባ፣ ግንባሩ ላይ ነው፣ እሺ፣ ጉሮሮውን ሊጠርግ ይልና አይሳል መባሉ ትዝ ይለዋል፣ ያነባል። ወንድሜ ጎሹ እጄ ላይ ሞተ። ወባ ነበር፣ ተከትዬው ሄጄ መንገድ ላይ ወድቆ ነው ያገኘሁት። ራሱን ጭኔ ላይ አስተኛሁት፣ ውሃ ስጠኝ አለኝ፣ ጣቴን አርጥቤ ከንፈሩን አስነካሁት፣ እናቴ እንዳትሰማ፣ ደክሟታል አለኝ፣ ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ድምፁ የገዛ ድምፁ አይመስለውም፣ የሬዲዮ ሰው ድምፅ ነው፣ ደስ ይለዋል፣ አዎ ደስ ይለዋል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እየሰማው ነው። ዋው፣ ትላለች ኢንባል። አምሳለ ደግሞ፣ ጎሹን ከየት አመጡት?

እሪታ። ከታች፣ በክፍቱ መርፔሴት፣ በበረንዳው በኩል። የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሆናል፣ ልጆች ይሆናሉ፣ ደግሞ መጣ፣ ልጀን ልጀን የሚል፣ ሰውነቱ ከጭንቅላቱ ቀድሞ ይገባዋል፣ እናቱ ነች። ሬዲዮ። ይቺ ሴትዮ በዚህ ሰዓት ሬዲዮ ካልከፈተች እራት አትበላም፣ ይህን አያውቅም? ለፋብሪካው አለቃ ሳይቀር ዛሬ ሬዲዮ ላይ ነኝ ብሎ ነግሯል፣ ለእሷ አልነገራትም፣ ለምን አልነገራትም፣ ረስቶ ነው? እንጃ። ልብ ወለድ ምን እንደሆነ ማን ነግሯት ያውቃል፣ እሷ የሰማችው የገዛ ልጇን ድምፅ ነው፣ ወንድሜ እጄ ላይ ሞተ ሲል።

አቶ ዘመኑ? መስመር ላይ አሉ? ጎሹ፣ ይላል፣ ጎሹ እንኳን፣ ሬጋ፣ አንዴ ይቅርታ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል፣ ሃሎ ሃሎ እያለ ይቀራል። ደረጃውን ይወርዳል፣ ባንድ እግሩ ነጠላ ጫማ ባንድ እግሩ ካልሲ፣ ውሸት ነው እማ ሊላት ነው፣ በቃ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ከራሱ የሚፈጥረው ነገር ነው፣ ተረት ነው በላት፣ ተረት ይገባታል፣ ትቆጣለች፣ ትቆጣ፣ ከዚያስ፣ ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት ነጠላዋን አጣፍታ አውቶቡስ ትጠብቃለች።

መግቢያው ላይ ዘበነ፣ የፊት ለፊቱ ጎረቤት፣ የፕላስቲክ ወንበሮች ተሸክሞ እየመጣ ነው፣ ሰዉ እንዲህ ፈጥኖ፣ እግዜር ያጥናህ ወንድሜ፣ እኛ እኮ አልሰማንም ነበር፣ አንድ ቃል ብትነግረን ምን ነበረበት። ዘመኑ አሜን ይላል፣ ከአፉ ያመልጠዋል። ቤቱ ውስጥ ጎረቤታቸው ብርነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ሴቶቹን ታስለቅሳለች፣ እናቱ መሬት ላይ ነች፣ ሻሿ ወልቋል፣ ፀጉሯን እንዲህ ነጭ ሆኖ አይቶት አያውቅም። ታየዋለች። አሁን ትረግመኛለች ይላል በልቡ።

ልጀ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ብቻህን ይዘኸው?

እማ፣ ይላል፣ እማ ስሚኝ።

እንዳትሰማ ብሎህ ነዋ፣ ትላለች፣ አውቀዋለሁ፣ እሱ እንዲህ ነው፣ ሲሞትም ለኔ ነው የሚያስብ፣ አይ ልጀን። ዘመኑ የእናቱን ፊት ያያል፣ እንባ በእንባ ነው፣ ግን የሆነ ነገር ለቆታል፣ ሸክም አውርዶ የተቀመጠ ሰው ፊት ነው፣ እንዲህ ዓይነት ፊት እንዳላት አያውቅም ነበር። ማን ቀበረው? ትላለች። ብርነሽ ማስለቀሷን ታቆማለች፣ ሴቶቹም ወደ እሱ ይዞራሉ።

አሁን ነው። በላት። ሰው ሁሉ እየሰማ በላት፣ አልሞተም፣ ማለቴ አላውቅም፣ ጀሪካን ይዞ ወጣ፣ የፈጠርኩት ነው፣ እንደገና ጎሹን አንስተህ ላከው፣ ውሃ ፍለጋ፣ እሷም ተከትላው ትሂድ። አፉ ይከፈታል።

እኔ ነኝ እማ።

በነዚህ? እጁን ትይዛለች።

በነዚህ።

ወደ አፏ ታመጣቸዋለች፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ የሳሙና ዱቄት ከማሸግና ከመጻፍ በቀር ምንም ያላደረጉትን እጆች ትስማለች፣ አፈሩ ይቅለልህ ልጀ ትላለች ወደ መሬቱ፣ ለቅሶው ይነሳል፣ ዘመኑም ያለቅሳል፣ አሁን የሚያጽናናው ሰው ሞልቷል፣ እግዜር ያጥናህ፣ አሜን፣ ብቻህን ይዘኸው አለችው፣ ብቻውን አልያዘውም ነበር እኮ፣ እስከ ዛሬ ጎሹን ለሁለት ነበር የሚጠብቁት፣ ሳይነጋገሩ፣ እሷ ታች እሱ ላይ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚጠብቀው እሱ ብቻ ነው፣ ለማን ይናገራል፣ ሰው ይገባል፣ በሩ ደግሞ ይከፈታል፣ ዘመኑ ቀና ብሎ ያያል፣ ጎሹ አይደለም።