ፕላስተር የተለጠፈበት ካሴት

አልጣሽ መኳንንትን አትወደውም ቢባል ያንስበታል፤ ዐይኑን ማየት ያንገሸግሻታል። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የመሐል ሜዳ ገበያ ሲበተን፣ ልብስ ስፌት ቤቷ ውስጥ አግዳሚው ላይ ማስቀመጧ አይቀርም። አምስት ስድስት ሰው ካሴት ካሴቱን ይዞ ይመጣል፤ "ይቺን ስሙልኝ" ይባባላል፤ ይዋዋሳል። ቴፑ የእሷ፣ ፍርዱ የመኳንንት። ወፍጮ ስላለው ይሁን አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ስለኖረ እንጃ፣ እሱ ራሱን ያልነቀነቀለት ዘፈን እዚያ ቤት ዋጋ የለውም።

በ1989 ዓ.ም. ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ አልጣሽ አንድ የቆየ ካሴት ቴፑ ውስጥ ከተተች። ዘፋኙ ይሥሐቅ የገዛ ወንድሟ ነው። ካሴቱን አሳትሞ የሚገዛው አጣ፤ ዓመትም ሳይሞላው አረፈ። እሷ እጅ የቀረችው ይህችው አንዲት ናት። ወንድሜ ነው ግን አላለችም። ብትል በይሉኝታ ያሞግሱታል፤ እሷ የፈለገችው እውነተኛ ጆሮ ነው።

የመጀመሪያው ዘፈን ግማሽ ሳይደርስ መኳንንት እጁን አወናጨፈ።

"ዝጊው እባክሽ! ይኼ ዘፈን ነው ወይስ የጥርስ ሕመም?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አልጣሽ ደሟ ፈላ። ካሴቱን አውጥታ ጭኑ ላይ ወረወረችለት።

"ቤትህ ውሰደውና ብቻህን ስማው። ሰምተህ ስትጨርስ ያኔ አፍህን ትከፍታለህ።"

"እሺ፣ ለንስሐ ይሆነኛል" አለ እየሳቀ።

ጾሙ ገባ፤ ዘፈን ቀረ፤ ቴፑ ጨርቅ ለበሰ። ፋሲካ ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ መኳንንት ካሴቱን መለሰ። አልጣሽ ገልበጥ አድርጋ ስታየው፣ ክፍት የነበሩት ሁለቱ የጠርዝ ቀዳዳዎች በፕላስተር ተደፍነዋል። ካሴት የሚያውቅ ሰው ይኼን አያጣውም፤ ቀዳዳው የሚደፈነው ሌላ ነገር ሊቀዳበት ነው።

"ምን አድርገህበት ነው?"

"መዝሙር ቀዳሁበት። በሁዳዴ ባዶ ካሴት ከየት ይመጣል? ደግሞስ ያንን ማን ይፈልገዋል? እንዲያውም ባረክሁልሽ።"

ቴፑ ውስጥ ከተተችው። መዝሙር። ገልብጣ ወደ መጀመሪያው አጠነጠነችው፤ መዝሙር። ቴፑን ልትዘጋው ጣቷን ስትዘረጋ አስተማሪው ኃይለ ኢየሱስ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ተይ አልጣሽ፣ የእመቤታችን ነው፤ አይቋረጥም።"

ሌሎቹም አወለቁ። አልጣሽ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። መሳደብ እንኳ አልቻለችም፤ እመቤታችንን ይዞ የመጣን ሰው ምን ብላ ትስደበው? ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጥርሷን ነክሳ የመኳንንትን ማጅራት ስታይ ቆየች። በዕድሜዋ እንዲህ ሰው ጠልታ አታውቅም።

መዝሙሩ አለቀ፤ ቴፑ ጥቂት ሽሽ አለ። ከዚያ፣ መዝሙሩ ሳይደርስበት በቀረው የካሴቱ ጫፍ ላይ የይሥሐቅ ድምፅ ብቅ አለ። የመጨረሻው ዘፈን ማብቂያ ነው፤ ማሲንቆ ብቻ ያጀበው፣ ቀስ ያለ። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ።

መኳንንት ከአግዳሚው ተነሣ። ዐይኑ ርሷል።

"አልጣሽ፣ በሞቴ፣ ይኼ ማነው? ሙሉውን ከየት ነው የማገኘው?"

"ወንድሜ ነው" አለች። "ሙሉው አንተ ጋ ነበር።"