የእናቷ ሰማያዊ መድኃኒት

ሰውየው ክር ቀለም እየነከረ ልጁን ለሐኪምነት ያበቃ አባት ነው። ሚስቱ በኩላሊት ኢንፌክሽን ወድቃ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገባች ወዲህ ግን እህል አልቀመሰም። ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቶ የደም ግፊቷ ቁልቁል ወርዷል። ግፊት የሚያነሣውን መድኃኒት ቢጨምሩላት፣ ሌላ ቢደርቡበት፣ ወይ ፍንክች!

ልጁ እዚያው ክፍል ሐኪም ናት። ታዲያ ምን ዋጋ አለው? ሐኪም በገዛ እናቱ ላይ መድኃኒት አያዝም፤ የሙያው ደንብ ነው። እንደ ማንም ጠያቂ አልጋው ሥር ቆማ ሲያያት አባትየው አንጀቱ አረረ።

ዋናው ሐኪም ሲመጣ ልጅቱ ረጋ ብላ ተናገረች። የላሉ የደም ሥሮችን የሚያጠብቅ ሰማያዊ መድኃኒት እንዳለ ነገረችው። ጥናቱ ገና ጥቂት መሆኑን፣ ለሁሉም እንደማይበጅም አልሸሸገችም። ዋናው ሐኪም በጥያቄ አጣደፋት፤ እናቷ ከምትወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች ጋር እንደማይጋጭ ሳይቀር አንድ በአንድ መለሰችለት።

«እናትሽ ስለሆነች ነው?» አላት በመጨረሻ።

«የማላውቃት ሴት ብትሆንም ይህንኑ እል ነበር።»

አባትየው በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሐል ኮራ። ዋናው ሐኪምም በራሱ እጅ አዘዘ።

መድኃኒቱ ሲመጣ ግን አባትየው ክው አለ። ይህን ሰማያዊ ያውቀዋል፤ ዕድሜ ልኩን ክር ነክሮበታል፤ ሠራተኞቹንም እጃችሁን ሳትታጠቡ እንዳትበሉ እያለ ሲቆጣ ኖሯል።

«ልጄ፣ ይኼ የኔ ቀለም አይደለም እንዴ?»

«ዘሩ አንድ ነው አባዬ። ይኼኛው ግን ለደም ሥር ተብሎ ተጣርቶ የተሠራ ነው። አይሆንም ካልክ ይቀራል።»

አባትየው የሚስቱን ፊት አየ፣ የልጁን አየ። «ስጧት» አለ።

ከዚያማ መጠበቅ ሆነ። የግፊቱ ቁጥር መጀመሪያ እንዳለ ቆየ፤ ኋላ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይል ጀመር። ሽንቷ አረንጓዴ ሆኖ ሲወርድ አባትየው ሊጮኽ ምንም አልቀረው፤ ልጅቱ የመድኃኒቱ ቀለም ነው ብላ አረጋጋችው። ሌሎቹን መድኃኒቶች ቀነሱላት፤ ግፊቷም አልወረደም።

በማግስቱ እናት ዓይኗን ገለጠች። እስከዚያ ድረስ እንደ ዓለት የቆመችው ሐኪም «እማዬ» ብላ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። አባትየው ጎንበስ ብሎ የልጁን እጅ ሳመ።

«ኧረ ነውር ነው አባዬ» ብላ እጇን ልትነጥቀው ታገለች።

እሱ ግን አለቀቀም። «እናቷን ከሞት የመለሰች ልጅ፣» አለ፣ «እጇ ቢሳም ያንሳታል እንጂ አይበዛባትም።»