ሦስተኛው ፕሮፎርማ

ፋብሪካው ምስማርና ሽቦ ይሠራል። በ2005 ዓ.ም. መስከረም፣ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንድ ሠራተኛውን በማታ ትምህርት በቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ሊያስተምር ወሰነ። የተመረጠችው ዳሲቱ ነበረች፤ የምርት ዕቅድ ባለሙያ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ሠራተኛ፣ የገላን ኮንዶሚኒየም ነዋሪ።

መመረጧን የነገሯት የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ በላይነሽ ናቸው። ወይዘሮ በላይነሽ ሹመትንም ስንብትንም በአንድ ድምፅ ያነባሉ። ደብዳቤውን ሰጧትና የምትማርበትን ትምህርት ቤት ግን ኮሚቴ እንደሚመርጥ አከሉ። ሰብሳቢው የግዥ ክፍል ኃላፊው አቶ ዘአማኑኤል ይሆናሉ፤ አባል ወይዘሮ በላይነሽ ራሳቸው፤ ጸሐፊዋ ዳሲቱ፤ ምክንያቱም ስለ ትምህርት ቤቶቹ የምታውቅ ሌላ ሰው የለም።

የግዥ ኃላፊ ሰብሳቢ መሆኑ ማንንም አላስገረመም። በዚያ ፋብሪካ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ፣ ቅባትም ይሁን ዕውቀት፣ የሚያልፈው በአንድ በር ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ መስፈርት ይወጣል፤ በነጥብ ይወዳደራል፤ ያሸነፈው ይገዛል።

ዳሲቱ የምትፈልገውን ታውቅ ነበር። ቦሌ መንገድ ላይ፣ ፊቱ መስታወት የሆነ ሕንፃ ውስጥ ያለውን ትምህርት ቤት ነው የምትፈልገው። አንድ የንግድ መጽሔት በየዓመቱ የሚያወጣው የደረጃ ሠንጠረዥ ላይ አንደኛ ነው። ሠንጠረዡን ቆርጣ የጠረጴዛዋ መስታወት ሥር አስቀምጣዋለች። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያገኘችው በርቀት ትምህርት ነበር፤ ስድስት ዓመት፣ ሕፃን አዝላ፣ ሞጁል ተደግፋ። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ማስረጃዋን ያየ ሰው ሁሉ አንዲት አጭር ቃል ይጠይቃታል፤ «በርቀት?» ብሎ። ቃሏ ስድብ አይደለችም። ዳሲቱ ግን በሰማቻት ቁጥር ትከሻዋ ጥቂት ዝቅ ይላል። የቦሌው ስም ያንን ጥያቄ ለዘለዓለም እንደሚዘጋው አምናለች።

ሁለተኛውን ፕሮፎርማ ሜክሲኮ አካባቢ ካለ ትምህርት ቤት አመጣች፤ በሠንጠረዡ አራተኛ ነው። ሦስተኛው ለደንቡ ነበር። ግዥ ክፍል የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከሦስት ፕሮፎርማ አንዱ የሚመጣው ቁጥሩን ለመሙላት ነው። ታክሲዋ በየቀኑ ሳሪስ ላይ ሲቆም አንድ ሰሌዳ ታያለች፤ ከዕንጨት ሥራ ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ «የድኅረ ምረቃ ቢዝነስ ትምህርት»። አንድ ምሽት ወርዳ ብሮሸሩን ተቀብላ በሚቀጥለው ታክሲ ሄደች። በሠንጠረዡ ላይ ዐሥራ አንደኛ ነው፤ ዐሥራ ሁለተኛ የለም።

ዋጋቸው ስለሚቀራረብ ኮሚቴው ዋጋን አስቀድሞ ከነጥቡ አወጣ። የቀረውን መስፈርት ዳሲቱ ቤቷ ተቀምጣ ጻፈችው። የመጽሔት ደረጃ ሠላሳ፤ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያለ ትብብር ሃያ አምስት፤ ሕንፃና ቤተ መጻሕፍት ሃያ አምስት፤ የተመራቂዎች የሥራ ቦታ ሃያ። ደመረች። ቦሌ ዘጠና አንድ፤ ሜክሲኮ ሰባ ሁለት፤ ሳሪስ ሠላሳ ስምንት።

ባሏ ኩምሳ የሒሳብ መምህር ነው። የተማሪ ደብተር እያረመ ወረቀቷን በአንድ ዓይኑ አየና በራሷ ፈተና ላይ አራሚ መሆኗን ነገራት። ፈገግ ብሎ ነበር፤ እሷም እንደ ቀልድ ወሰደችው።

አቶ ዘአማኑኤል ግን አልቀለዱም። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ክራቫታቸውን ፋብሪካ ውስጥ የማይፈቱ ሰው ናቸው። ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ድምሩን በእርሳስ ደግመው ደመሩ፤ ልክ ነው። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ብሮሸሮቹን ያነበብሽው መቼ ነው?»

«ሰኞ፣ ጋሼ።»

«መስፈርቱንስ የጻፍሽው?»

ዳሲቱ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ከመልሷ በፊት ገባት። «ሐሙስ» አለች።

አቶ ዘአማኑኤል ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ፖስታ ከተከፈተ በኋላ የሚወጣ መስፈርት መስፈርት እንዳልሆነ ነገሯት፤ የተመረጠውን ሰው ልክ ለክቶ ልብስ መስፋት ነው። እሳቸውም በወጣትነታቸው፣ አንድ የሚወዱትን የኩሽኔታ አቅራቢ እንዲህ አሸናፊ አድርገውት፣ ኩሽኔታው ስምንት ወር ሳይሞላው መፈጨቱንና አስተዳደሩ ፊት መቆማቸውን አወሩላት። ልባቸው ንጹሕ ነበር፤ ጉቦም አልበሉም። አቅራቢውን ወደዱት፤ በቃ።

«አንቺም ትምህርት ቤቱን ወደድሽው» አሉ። «ነውር የለበትም። ወረቀቱ ግን ይቀደዳል።»

ቀደዱትና በሥርዓት አጥፈው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። አዲሱን መስፈርት ብሮሸሮቹን ያላየ ሰው እንዲያወጣው ወሰኑ፤ ሰውየውም ዳሲቱ ተምራ ስትመለስ ሥራዋን የሚቀበለው ሰው እንዲሆን። ወይዘሮ በላይነሽ ማን እንደሆነ ጠየቁ። የዕቅድ ክፍልን ወረቀት ተቀብሎ የሚኖር አንድ ሰው ነው።

ጉተማ የሽቦ መሳቢያ ክፍል ፎርማን ነው። አባቱ ለምድር ባቡር ሠርተዋል፤ እሱ እዚህ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ዳሲቱ ስትገባ ሁለተኛው ማሽን ቆሞ ነበር፤ ጥቅል ብረቱ ከመጋዘን አልደረሰም። በዕቅዱ መሠረት ሁለት ሰዓት ላይ መድረስ ነበረበት። ዕቅዱን ያወጣችው እሷ ናት።

የመጣችበትን ስትነግረው ጉተማ ጥጥ ጨርቅ አንስቶ እጁን ጠረገ።

«ሁለተኛ ዲግሪ ይዘሽ ስትመለሺ ምስማሩ ይረዝማል?»

«አይረዝምም።»

«ጥሩ። ባለፈው ሥልጠና ሄዶ የመጣው ልጅ ባለ ቀለም ሥዕል ነው ያመጣልን። ግድግዳው ላይ አለ፤ ተመልከቺው። ማሽኑም ቆሟል፤ እሱንም ተመልከቺው።»

ተመለከተች። ሥዕሉ ቅባት ጠጥቶ ቢጫና ሰማያዊው አንድ ሆነዋል።

ነጥብ ከመቶ ስትለው ጉተማ አልወደደም፤ መቶ ነገር በልቡ ሊይዝ እንደማይችል ነገራት። ከሣጥን ሃያ ምስማር ቆጥሮ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ አንዱ አምስት ነጥብ ይሁን ተባባሉ። ከዚያ እያሰበ ከፈለው። ከገቡት ተማሪዎች ስንቱ ጨርሰው ወጡ? ለዚህ ስድስት ምስማር። የማታ መምህር አራት ቦታ ስለሚያስተምር ይቀራል ይባላል፤ መምህሩ በሰዓቱ ይገባል ወይ? ስድስት። ተማሪው ከክፍል ወጥቶ፣ ሥራ ቦታ ቆሞ፣ አንድ ነገር በሰዓት ለክቶ ያውቃል? አምስት። እዚያ የተማረ አንድ ሰው ተገኝቶ ምን ይላል? ዕቃ ሲገዛ ተጠቃሚው ይጠየቅ የለ? ሁለት።

አንዲት ምስማር ተረፈች። ዳሲቱ የመጽሔቱን ደረጃ አነሳችለት። ጉተማ ለመጽሔቱ ማን እንደነገረው ጠየቀ። ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው መጠይቅ እንደሚሞሉ ነገረችው፤ ስትነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው መሰላት።

«አንዷን ስጪው» አለ፣ ምስማሯን በጣቱ ገፍቶ። «ሰው ስለ ራሱ ሲናገርም ትንሽ እውነት አይጠፋበትም።»

በሚቀጥለው ሳምንት ዳሲቱ በሦስቱም ዞረች፤ አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ አንድ ዓይነት ቅጽ፣ ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ጭምር።

ቦሌ ላይ በአክብሮት ተቀበሏት። መምህራኑ በሰዓታቸው እንደሚገቡ በመዝገብ አሳዩአት። ከገቡት ስንቱ እንደጨረሱ ስትጠይቅ ግን፣ ያ መረጃ ለውጭ ሰው እንደማይሰጥ አንዲት ትሑት ልጅ ነግራት፣ የተሻለ ወረቀት ላይ የታተመ ሁለተኛ ብሮሸር ጨመረችላት። ሜክሲኮ ላይ ቁጥሩን ሰጧት፤ የመምህራኑን መዝገብ ስትጠይቅ ተያዩ።

ሳሪስን መጨረሻ ላይ ያደረገችው ለመጨረስ ብላ ነው። ከምድር ቤቱ የዕንጨት መላጊያ ድምፅ ደረጃውን ተከትሎ ይወጣል። ሬጅስትራሯ ሒክማ ትባላለች፤ ቁጥሩን ከአፏ አልተናገረችም፤ ትልቁን መዝገብ ገልጣ ዳሲቱ ፊት አኖረችው። አርባ ሁለት ገብተዋል፤ ሠላሳ አንድ ጨርሰዋል። ያቋረጡት የዐሥራ አንዱም ምክንያት በስማቸው ትይዩ ተጽፏል፤ ሦስት ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውረዋል፤ አንዷ ወልዳለች፤ አንዱ «ትምህርቱን አልወደደም»። መምህሩ በገባበት ሰዓት ይፈርማል፤ ከሥሩ የተማሪዎች ተወካይ ይፈርማል።

ዳሲቱ የመምህሩን ፊርማ ሳይሆን ያን «አልወደደም» ቆማ አየችው። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይጽፋል?

ሒክማ ከዚያ የመመረቂያ ጽሑፎቹን መደርደሪያ አሳየቻት። አንዱ፣ ቃሊቲ መናኸሪያ ውስጥ አንድ አውቶቡስ ሞልቶ እስኪወጣ ስንት ደቂቃ ይቆማል ይላል። አንዱ፣ የአንድ ዳቦ ቤት ሰልፍ ለምን ማክሰኞ ይረዝማል። ሦስተኛው የአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር መጋዘን ነበር፤ የትኛው ዕቃ ስንት ቀን እንደሚተኛ፣ በገጽ በገጽ። ዳሲቱ ማንበብ ጀመረች። መላጊያው ቆመ፤ ከታች የመዝጊያ ድምፅ ተሰማ፤ ሒክማ መብራት አበራችላት። ልታወዳድር መምጣቷን ያስታወሰችው አርባኛው ገጽ ላይ ነው።

የዚያ ጽሑፍ ባለቤት ቃሊቲ ውስጥ መደብር ያላት ዙለይኻ ናት። ዳሲቱ በማግስቱ ሄዳ አገኘቻት። ዙለይኻ ለሰው ቆርቆሮ እያስቆጠረች መለሰችላት፤ የትምህርት ቤቱን ስም ለሰው ስትናገር ማንም እንደማያውቀው አልደበቀችም።

«ስሙን አላወቁልኝም» አለች። «እኔ ግን መጋዘኔን አወቅሁት። አንቺ የቱን ፈልገሽ ነው?»

ዳሲቱ መልሱን በቅጹ ላይ ጻፈች፤ ጥያቄውን አልጻፈችም።

ነጥቡን የሰጡት አቶ ዘአማኑኤልና ወይዘሮ በላይነሽ ናቸው፤ ዳሲቱ ጸሐፊ ብቻ ሆነች። ማስረጃ ያልቀረበበት ዜሮ ይሰጠዋል፤ ደንብ ነው። ወይዘሮ በላይነሽ በዚያው አንድ ድምፃቸው አነበቡት። ቦሌ ሃምሳ አንድ። ሜክሲኮ ሃምሳ ሦስት። ሳሪስ ሰማንያ ሁለት።

ለደንቡ የመጣው አሸነፈ። ዳሲቱ ቁጥሮቹን በቃለ ጉባኤው ላይ ቀጥ ባለ ጽሕፈት አሰፈረች። አቶ ዘአማኑኤል አይተዋት ኖሮ፣ በውጤቱ ቅር የተሰኘ ሁሉ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል አስታወሱ። ይህ ለተጫራቾች የወጣ ደንብ ነው፤ ለእሷም ይሠራል ብለው ፈረዱ።

ሦስት ቀን ምንም አልጻፈችም። በአራተኛው ቀን ከሥራ ተመልሳ ወረቀት አወጣች። ቦሌ በጨረሱት ተማሪዎች ቁጥር ዜሮ ያገኘው ስላልጨረሱለት አይደለም፤ ስላልተናገረ ብቻ ነው። ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ጨርሰውለት ይሆናል። ጥሩ የአቤቱታ ነጥብ ነው። ኩምሳ ከደብተሮቹ ቀና ሳይል፣ ለቦሌ ዜሮውን ትታ ሙሉ ነጥብ ብትሰጠው ስንት እንደሚሆን ጠየቃት።

ሃምሳ አንድ ላይ የስድስቱን ምስማር ሠላሳ ደመረች። ወረቀቱን ዘቅዝቃ ደግማ ደመረች፤ ያው ነው።

«ሰማንያ አንድ» አለች።

«በአንድ ወደቀ» አለ ኩምሳ። «የእኔ ተማሪዎች በአንድ ሲወድቁ ያለቅሳሉ።»

ዳሲቱ እንባ እየጠበቀች ነበር። የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ የተሸከመችውን ዕቃ አንድ ሰው ከኋላዋ ደግፎ የያዘላት መሰላት። ለቦሌ ሁሉን ሰጥታ፣ የማታውቀውን ሁሉ ለእሱ አድልታ፣ አሁንም ዐሥራ አንደኛው ይበልጣል። ከሁሉ የገረማት ግን ቁጥሩ አይደለም። ከደመረችበት ጊዜ ጀምሮ በልቧ ያለው የዳቦ ቤቱ ሰልፍ ነው፤ ለምን ማክሰኞ? ያንን ጽሑፍ ሳትገልጠው ነበር የመጣችው።

በአምስተኛው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ «ቅሬታ የለኝም» የሚለውን ቅጽ ፈረመች። አቶ ዘአማኑኤል በራሳቸው ብዕር ቀን ጻፉበት፤ ማኅተሙን ተንፍሰውበት አሳረፉት፤ ከዚያ፣ ልማዳቸው ባይሆንም፣ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጧት። ወይዘሮ በላይነሽ የትምህርት ፈቃድ ደብዳቤዋን አነበቡላት። በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር፤ ወይም እንደዚያ መሰላት።

ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሳሪስ ወረደች። ደረጃው ላይ ከሥራ የመጡ ሰዎች ይወጣሉ፤ አንዱ የባንክ ክራቫት፣ አንዷ የሆስፒታል ነጭ ልብስ፣ አንዱ ቀለም የነካው ቱታ። መላጊያው ከሥር ይጮኻል። ሒክማ በር ላይ ተቀምጣ ስም ትመዘግባለች፤ ዳሲቱን ስታያት መዝገቡን ወደ እሷ አዞረችው። መምህሩ ቀድሞ ገብቶ ሰሌዳውን ይጠርጋል። ፊርማው፣ ሰዓቱ ጭምር፣ በመዝገቡ ገጽ አናት ላይ አለ።

ቀጣዩ ባዶ ተራ ቁጥር ላይ ሙሉ ስሟን ጻፈች፤ ሁለተኛ ረድፍ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ተቀመጠች።