ኢሉ አረፈ

ከለቡ ወደ ሀና ማርያም ስትሄዱ አሁን አፓርታማ የቆመበት ቦታ የአውሮፕላን ሜዳ ነበር። የመንግሥት አልነበረም። በየእርሻው የተባይ መድኃኒት የሚረጩ ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች ያሉት የአንድ ባለሀብት የግል ሜዳ ነበር፤ አስፋልት የሌለው፣ ሣርና ቀይ አፈር ብቻ። አባቴ ሞልቱ ዘበኛው ነበር። አውሮፕላን ሲመጣ ከብቶቹን ያባርራል፣ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየውን ጨርቅ ይሰቅላል፣ ስልክም ያነሳል። ወንድሜ ኢሉ እዚያው መፍቻ እያቀበለ አድጎ መካኒክ ሆነ፤ ከአብራሪው ጋርም መብረር ጀመረ።

በሄዱበት በሰላም ሲደርሱ ይደወላል። አባቴ ወደ ቤት ዞሮ «አረፉ!» ብሎ ይጮሃል፤ እኛም ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

ኢሉ ከአብራሪው ጋር ወደ ኦሞ የበረረ ቀን ግን ከዚያ የደወለው የማናውቀው ሰው ነበር። «ኢሉ አረፈ» አለና መስመሩ ተቋረጠ። አባቴ እንደ ወትሮው ጮኸ። እኔም ልብስ ማጠቤን ቀጠልኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የእድሩ ሽማግሌዎች ደጃችን ቆሙ። አቶ ፍሮምሳ ጀመሩ።

«ሞልቱ፣ አውሮፕላኗ ወንዝ ገብታለች። ኢሉ አርፏል።»

«አውቃለሁ። ትናንት ተደውሎልኛል።»

«እንደ አውሮፕላን ማረፍ አይደለም፣ ወንድሜ።»

«ታዲያ መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ልጅ ሞተብህ ብሎ የሚደውል ምን ዓይነት ባለጌ ነው?»

«ይኸው እኛ በእግራችን መጣን!»

«የት አይታችሁት? አንተ ፍሮምሳ፣ የገዛ በግህ ስትጠፋም ጅብ በላት ብለህ አልነበር? ከጎረቤት ጓሮ አልተገኘችም?»

ከኋላ የቆመ አንዱ ሳቁ አመለጠው። የኢሉም የአብራሪውም አስከሬን አልተገኘም፤ አባቴም ድንኳን አይተከልም አለ። አልተተከለም።

እኔ የፈለግሁት ወንድሜን በወጉ ማልቀስ ብቻ ነበር። ጥቁር ስለብስ አባቴ «በማን ላይ ነው የምታሟርቺው?» ብሎ ያስወልቀኛል። ለቅሶ ልድረስ የሚል ጎረቤትም ከበር ይመለሳል። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ባለችኝ ሱቅ ውስጥ፣ ገበያተኛ በሌለ ሰዓት፣ አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቅስ ነበር።

ባለሀብቱ ሜዳውን ሸጠ። የቀረችው አውሮፕላን ተፈታታ በጭነት መኪና ተወሰደች። አባቴ ግን ሣሩን ማጨዱን አልተወም። «ኢሉ ሲመጣ ጎማውን እንዳይጠልፈው» ይላል። ኤክስካቫተር መጥቶ ሜዳውን መሀል ለመሀል ሲቆፍረው ማጭዱን ይዞ ዳር ቆሞ ተመለከተ።

«ሌላ ቦታ ይወርዳል» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ እህል እምቢ አለው። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

በመጨረሻ ደጃችን ላይ ድንኳን ተተከለ። ደረቴን መምታት ስጀምር ከአፌ የወጣው የአባቴ ስም አልነበረም።

«ኢሉዬ! ወንድም ጋሻዬ!»

ለቀስተኛው ዞሮ አየኝ። አክስቴ ትሩፋት መጥታ እጄን ያዘች።

«ተይ አማከለች፣ ዛሬ የአባትሽ ነው። የኢሉን ሌላ ቀን ታለቅሺዋለሽ።»

«መቼ?» አልኳት።

ነጠላዬን አስተካከለችልኝና ወደ ሴቶቹ ዞራ የአባቴን ስም እየጠራች ታለቅስ ጀመር። እኔም ተከተልኳት።